ከጀርባው የተከፈተው ጸሎት ቤት

ባለፈው ሳምንት ዲላ ያለው ቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቆማለች። ዕድሜዋ ከሃያ ሁለት የሚያልፍ አልመሰለኝም። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ጫማዋ በቀይ ጭቃ ተለውሷል፤ ደብተሯን እንዳይረጥብባት በፌስታል ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች።

«እማማ፣ ሰሞኑን በአካባቢው ተቅማጥና ትውከት እየታየ ስለሆነ ትንሽ ላስተምርዎ» አለችኝ።

ገብታ እንድትቀመጥ ጋበዝኳት። እጅ መቼ መቼ እንደሚታጠብ፣ ውሃ እንዴት እንደሚታከም፣ ሰው ቢታመም ጨውና ስኳር እንዴት እንደሚበጠበጥ በዝግታ አስረዳችኝ። ዕድሜዬን አይታ ነው መሰል እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ በጤና ሥራ ላይ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ መሆኔን አልነገርኳትም። እንዲህ በትጋት ስታስተምር ማቋረጡ ነውር መሰለኝ። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር የማዳምጣት። «ገባዎት እማማ?» ስትለኝ «ገባኝ ልጄ» አልኳት። እሷ ወደ ጎረቤት አለፈች፤ እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ብዙ ቆየሁ። ሐሳቤ በዚህች ልጅ ዕድሜ ወደነበርኩበት፣ ከኮንጋ ከፍ ብላ ወዳለችው መንደር ሄዶ ነበር።

አባቴ ሸምሱ ከስልጤ አገር መጥቶ ዲላ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። እኔም ያደግሁት ላምባ፣ ሳሙናና የጨው ከረጢት በሚሸትበት ጓዳ ውስጥ ነው። በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ለጤና ረዳትነት ተመርጬ ሠለጠንኩ፤ በሃያ ዓመቴ ተመደብኩ። ምደባዬ ከይርጋጨፌ አለፍ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ላይ በሚወጣው ጭቃ መንገድ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ሆነች። አባቴ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ሴት ልጅ ብቻዋን ቡና ጫካ ውስጥ ምን ልትሠራ ነው?» አለ። ግን ምደባ ምደባ ነው፤ በዚያ ዘመን አይከራከሩትም።

መንደሯን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ቡናውና እንሰቱ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ተደባልቆ የበቀለበት፣ ቤቶቹ ከቅጠል ኋላ የተደበቁበት ዳገት ነው። ሰው ከሩቅ ሲጠራ ድምፁን ትሰማለህ እንጂ ሰውየውን አታየውም። የተቀበሉኝ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ወራሳና ሚስታቸው ማርታ ነበሩ። ከቤታቸው ጎን አንዲት ክፍል ለቀቁልኝ። ማርታ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ብትበልጥ ነው። ቆጮ በጎመንና በአይብ፣ ከማሳቸው የተቆረጠ አቮካዶ፣ በቆሎ ሲደርስ ደግሞ እሸት ታቀርብልኝ ነበር። ሥጋ የቀረበ ቀን ግን ሳትነግረኝ የእኔን ድርሻ በእንቁላል ትተካዋለች። ስለ ሃይማኖቴ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

አቶ ወራሳ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። አማርኛን የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ስለነበር «አንተ»ና «አንቺ» ይምታታባቸዋል። ነገሩ ተራ ከሆነ «አንቺ» ይሉኛል፤ ቁም ነገር ሲሆን «አንተ» ነኝ። ይህን ካወቅሁ በኋላ አንተ ሲሉኝ ልቤ ይደነግጥ ነበር።

ከክሊኒኬ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሰፊ የጭቃ ቤት አለ። የወንጌል አማኞች ጸሎት ቤት ነው። እኔ ከመምጣቴ አንድ ዓመት በፊት ከወረዳ የመጡ ሰዎች ዘግተው አሽገውታል። ቁልፉ ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ በወረቀቱ ላይ ቀይ ሰም ፈስሶ ማኅተም አርፎበታል። የዚያን ቀን አቶ ወራሳ ሊቀመንበር በመሆናቸው በምስክርነት አጠገቡ እንዲቆሙ ታዘው ነበር፤ ማርታ ደግሞ ከሌሎቹ ምእመናን ጋር መንገድ ዳር ቆማ አይታለች። ባልና ሚስቱ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ማርታ ግን ውሃ ልትቀዳ ስታልፍ ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ሌላው ወገን ታዞር ነበር።

ጊዜው ኅዳር ነው። ቡናው ቀልቶ፣ ከታች ካለው የእሸት ቡና ማጠቢያ የገለባው ኮምጣጣ ሽታ እስከ ክሊኒኩ ይወጣል። ለቀማ ደርሶ ስለነበር ከየአቅጣጫው የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል። ያን ሰሞን በገደብ ከተማ በኩል ሰው በአንድ ቀን ታሞ በአንድ ቀን እየሞተ ነው የሚል ወሬ መጣ። በሦስተኛው ቀን ከይርጋጨፌ ጤና ጣቢያ ጋሼ ተስፋዬ በሞተር ብስክሌት ደረሱ። ብዙ ወረርሽኝ ያዩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ድሬሰር ናቸው። አንድ ካርቶን ግሉኮስ፣ ጥቂት እሽግ የሚበጠበጥ ዱቄትና አንድ ጀሪካን ክሎሪን አወረዱልኝ።

«ስሚ ሙኒራ» አሉኝ። «ይህ በሽታ ከባሕር ማዶ ጀምሮ አገር ላገር ሲዞር የኖረ ነው። ሰውን የሚገድለው ውሃውን አሟጦ ነው። የወጣውን ያህል ከመለስሽለት ይድናል። ሌላ ምስጢር የለውም።»

«ኮሌራ ነው አይደል ጋሼ?»

ወደ መንገዱ ዘወር ብለው አዩ። «በሪፖርትሽ ላይ ተቅማጥና ትውከት ብለሽ ጻፊ። ስሙን የመጥራት ፈቃድ አልመጣም። ሕክምናው ግን ስም አይጠይቅም።» ወዲያው ሞተራቸውን አስነስተው ወደ ገደብ ወረዱ።

በማግሥቱ የመጀመሪያው በሽተኛ መጣ። አየለ ይባላል፤ ለለቀማ ከወላይታ በኩል የመጣ ወጣት ነው። ሁለት ጓደኞቹ በእንጨት ቃሬዛ ተሸክመው አምጥተው በረንዳዬ ላይ አስቀመጡትና ፈርተው ሄዱ። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ የጣቶቹ ቆዳ ልብስ አጥቦ እንደዋለ ሰው ተጨማዷል። ከሥሩ የሩዝ እጣቢ የመሰለ ውሃ ይፈሳል።

አሁን የምናገረውን ለዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የተማርኩት ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለኝ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ማርታ ምሳዬን በሳህን ይዛ መጣች። እኔን አየችኝ፤ ልጁን አየችው። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ በረንዳው ላይ ተንበረከከችና ራሱን ቀና አድርጋ ጭኗ ላይ አስደገፈችው።

«ምን ልስጠው? ንገሪኝና እኔ እሰጠዋለሁ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው እግሬ የተፈታው። ዱቄቱን በጠበጥኩ፣ ግሉኮስ ተከልኩ፤ እሷ በማንኪያ ታጠጣዋለች። ግን በጣም ዘግይቶ ነበር የደረሰው። በማግሥቱ ቀትር ላይ አረፈ። አቶ ወራሳ ከሦስት ሰዎች ጋር ሆነው እንደነገርኳቸው አስከሬኑን በክሎሪን ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልለው ከምንጩ ራቅ አድርገው ቀበሩት። ዘመድ በሌለበት አገር አራት ሰው ቀበረው። ማርታ ለብቻዋ አለቀሰችለት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጡ። ከማጠቢያው፣ ከለቃሚዎች ጎጆ፣ ከመንደሩም። ሁለቱ ክፍሎቼ ሞሉ፤ በረንዳው ሞላ። ደግሞ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ጀመረ። አንዲት እናት ከስድስት ዓመት ልጇ ጋር በአንድ ሰሌን ላይ ተኝታ ውሃው ከሥራቸው ሲፈስ፣ ከፊቴ ያለውን ሰፊ ቆርቆሮ ቤት አየሁት። ቤቱ ደረቅ ነው፤ ባዶም ነው። በዝናቡ ሮጬ አቶ ወራሳ ጋ ሄድኩ። ከማሳቸው ተመልሰው ገጀራቸውን እየጠረጉ ነበር።

«አቶ ወራሳ፣ ጸሎት ቤቱን ይክፈቱልኝ።»

ገጀራውን መጥረግ ቀጠሉ። «ያ ማኅተም የኔ አይደለም» አሉ። «የነካው ሰው ይታሰራል። ነገ ወረዳ ሄጄ ልጠይቅ።»

«እስከ ነገ አንዳንዶቹ አይደርሱም።»

ገጀራውን መጥረጋቸውን አቆሙ። ዝናቡን አዩ፤ በበሩ የቆመችውን ማርታን አዩ። ቢያስምሉኝ እምላለሁ፣ እሷ አንድም ቃል አልወጣትም።

«አንተ ወደ በሽተኞችህ ተመለስ» አሉኝ።

አንተ! እምቢ ያሉኝ መስሎኝ እያለቀስኩ ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ የሚመጣው ከጸሎት ቤቱ በስተጀርባ ነው። ዞሬ ስሄድ አቶ ወራሳ ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ ዝናብ በጀርባቸው እየወረደ፣ የጀርባውን ግድግዳ እየፈለጡ ነው። ጭቃው እየተናደ፣ ማገሩ እየተቆረጠ፣ ቃሬዛ በደንብ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ።

«በሩ እንደታሸገ ነው» አሉኝ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ማኅተሙን ማንም አልነካውም። ግባ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ይገርመኛል። ማንም ስብሰባ አልጠራም። ግን አመሻሹ ላይ ወንዶቹ ከቡና ማድረቂያው የቀርከሃ አልጋዎች ተሸክመው መጡ። የአልጋውን መሐል ቆርጠው ከሥሩ ባልዲ እንዲያስቀምጡ አሳየኋቸው፤ ተቅማጡ ወደዚያ እንዲወርድ ነው። አንሶላና ፕላስቲክ አልነበረኝም። ሴቶቹ ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል እያመጡ ያነጥፉልኛል፤ ሲቆሽሽ ወስደን ጉድጓድ ውስጥ እናቃጥለዋለን፤ ወዲያው ትኩስ ይተካል። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ዘመን ብዙ ዓይነት የሆስፒታል አልጋ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቅጠል ቀዝቃዛና ንጹሕ ሆኖ የታየኝ የለም።

ሊያስታምሙ የመጡት በአብዛኛው አንድ ላይ እንዳይሰበሰቡ የተከለከሉት ምእመናን ነበሩ። አሁን ተሰብስበዋል፤ ግን ለመጸለይ አልተፈቀደላቸውም፤ ውሃ ለማፍላት ነው የመጡት። መዝሙር መዘመር አይችሉም። ስለዚህ በሽተኛ በማንኪያ እያጠጡ አፋቸውን ዘግተው ዜማውን ብቻ ያንጎራጉራሉ። ቃል የሌለው ዜማ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ይተላለፋል። እኔ የሙስሊም ልጅ ነኝ፤ ዜማውን አላውቀውም፤ ግን ሲደክመኝ አብሬ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ማርታ ሰምታ ፈገግ አለችና እንዳልሰማች ሆና ዘወር አለች።

ሥራውንም የተማርኩት እዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ፍርሃቴ ግሉኮሱን ላገኘሁት ሁሉ አስተከለኝ። ጋሼ ተስፋዬ ከገደብ ሲመለሱ የቀሩትን ጥቂት ጠርሙሶች አይተው አልተቆጡኝም። አጠገቤ ተቀምጠው «መዋጥ ለሚችል አፉ ይበቃዋል። ይህን መዋጥ ላቃተው አስቀምጪ። የሚያድነው ማንኪያው ነው፤ ማንኪያ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል» አሉኝ። ወደ ማርታና ወደ ጓደኞቿ አገጫቸውን አነሱ። «ትዕግሥቱ ሞልቶልሻል።»

ሆኖም የታመመውን ማከም ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ሰዉ አሁንም ከማጠቢያው በታች ካለው ወንዝ ይጠጣል። አቶ ወራሳ ሽማግሌዎቹ ወደሚቀመጡበት ሶንጎ ወሰዱኝ። በትልቅ ዛፍ ሥር በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ እሳቸው ወደ ጌዴኦኛ ይመልሳሉ። ውሃ ከማጠቢያው በላይ ካለው ምንጭ ብቻ ይቀዳ፤ ይፍላ፤ እጅ በአመድ ይታጠብ፤ ለቅሶ ቤት ምግብ አይበላ፤ የሞተ ሰው ወዲያው ይቀበር። እኔ አምስት ቃል ስናገር እሳቸው ብዙ ይናገራሉ። በመጨረሻ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው።

«ምን እያሏቸው ነው?»

«የምትናገረው የራሳቸው ልጅ ብትሆን ኖሮ ምን እንደምትላቸው ነው የምነግራቸው» አሉኝ።

ከሁሉም የከበደው የለቅሶው ነገር ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ሰው ሞቶ ሳይበላና ሳይታደር መበተን ሟቹን መጣል ነው ብለው ተቃወሙ። ሌላ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ አዛውንት፣ ብዙ አስበው መለሱላቸው። አቶ ወራሳ በጆሮዬ ተረጎሙልኝ፤ «ለቅሶውን አንተወውም፤ በሽታው እስኪያልፍ እናቆየዋለን። ሲያልፍ ለሁሉም አንድ ላይ እንቀመጣለን።» በዚህ ተስማሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንጩ ላይ ተራ የሚያስከብሩት፣ በየቤቱ እየዞሩ ውሃ መፍላቱን የሚጠይቁት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሆኑ። እኔ ብቻዬን ብዞር በሳምንት የማላዳርሰውን እነሱ በሁለት ቀን አዳረሱት።

በአንደኛው ሳምንት መጨረሻ የአባቴ አሮጌ ላንድሮቨር ጭቃውን እየረጨች ደረሰች። ወሬው ዲላ ደርሶ ኖሯል። አባቴ ከመኪናው ወርዶ ሰላምታም አልሰጠኝም።

«ዕቃሽን ያዢ። መኪናው ላይ ውጪ።»

«አባ፣ አልችልም።»

«አልችልም? እናትሽ እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ ነው! ነይ ብያለሁ ሙኒራ!»

በሕይወቴ ለአባቴ እምቢ ብዬ አላውቅም ነበር። እጁን ይዤ ወደ ቀዳዳው ወሰድኩት፤ እግሩን በክሎሪን ውሃ እንዲነክር አድርጌ ወደ ውስጥ እንዲያይ ለቀቅሁት። ማርታ ያን የስድስት ዓመት ልጅ አቅፋ በማንኪያ ታጠጣለች። የልጁ እናት ከጎኑ ቀና ብላ ተቀምጣ በራሷ እጅ ትጠጣለች። አባቴ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። የሚያንጎራጉሩትን ሰማ። ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር «ምን ይጎድላችኋል?» አለ።

ዱቄቱ አልቆ በራሳችን መበጥበጥ ጀምረን ነበር። ስኳር በዚያ ዘመን በኩፖን ነው የሚገኘው። «ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ በረኪና» ብዬ ቆጠርኩለት። አንዱን ለመናገር ግን አፈርኩ።

«ሌላስ?»

«የቢራ ጠርሙስ።»

«ምን አልሽ?»

«ባዶውን ነው አባ! ሦስት የቢራ ጠርሙስ ውሃ ልኩ አንድ ሊትር ነው፤ በእሱ ነው የምንለካው። በየቤቱ ሰዉ መለኪያ እንዲኖረው እፈልጋለሁ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አይጠጡም፤ በመንደሩ ሙሉ አንድ ጠርሙስ አጥቻለሁ።»

አባቴ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። የተቀየመኝ መስሎኝ ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋሁ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ላንድሮቨሯ ከሩቅ እየተንኳኳች መጣች። ስኳሩን ከየጓደኞቹ ቤት ለምኖ፣ ከራሱ ቤትም አውጥቶ አምጥቷል። ከኋላ ደግሞ የባዶ ቢራ ጠርሙስ ሣጥኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። አምስት ወቅት ሰላት የማያስታጉለው አባቴ ይርጋጨፌ ላይ ከቡና ቤት ቡና ቤት እየዞረ ሰብስቧቸው ነው የመጣው።

«በዚህ ዕድሜዬ!» አለ ሣጥኑን እያወረደ። «ባለቡና ቤቷ ‹ሐጂ፣ ድግስ አለብዎት እንዴ?› አለችኝ።»

ከመጣሁ ጀምሮ አቶ ወራሳ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሣጥኑን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ከዚያ በኋላ አባቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመላለስ ነበር፤ እንድመለስም ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ከወረዳው አንድ ኃላፊ የመጡት በሽታው መቀነስ ሲጀምር ነው። ከጂፕ ወርደው በቀጥታ ወደ ጸሎት ቤቱ በር ሄዱ፤ ማኅተሙን አዩ፤ እንዳለ ነው። ከዚያ በጀርባ ዞሩ። ማንጎራጎሩ ቆመ።

«ማን ነው የፈቀደው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እሱ እንግዳ ነው ጓድ» አሉ አቶ ወራሳ ከኋላዬ። ተደናግጠው «እሱ» አሉኝ። «ግድግዳውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። መጥረቢያውም የኔ ነው።»

ሰውየው በሽተኞቹን አንድ በአንድ አዩ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ሊወጡ ሲሉ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ፤ «ይቅርታ ጓድ፣ ሳይታጠቡ አይወጡም።» እንደ ተማሪ እጃቸውን ዘርግተው ታጠቡ፤ ጫማቸውንም ነከሩ። ከዚያ ጂፓቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። ነገር ግን በሽታው ጠፍቶ የመጨረሻዋ በሽተኛ በእግሯ ወደ ቤቷ በሄደች በሳምንቱ አቶ ወራሳ ወረዳ ተጠሩና ሳይመለሱ ቀሩ።

ከመሄዳቸው በፊት ግድግዳው ተጠግኗል። ምእመናኑ ወለሉን በኖራ አጥበው፣ ጭቃና ጭድ አቡክተው ቀዳዳውን ደፈኑት። ማርታ የመጨረሻውን ጭቃ በእጇ ስትለስን አየኋት፤ እጇ ለአፍታ እዚያው ላይ ቆየ። ሽማግሌዎቹም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ለሞቱት ሁሉ አንድ ላይ ለቅሶ ተቀመጡ። የአየለም ስም ተጠራ። አባቱ በሌለበት አንድ ሽማግሌ እንደ አባት ሆነው ተቀመጡለት።

አቶ ወራሳ ሁለት ወር ታስረው ተፈቱ። ሊቀመንበርነቱ ተወሰደባቸው። ከስተው፣ ግን ቀና ብለው ዳገቱን ሲወጡ እኔና ማርታ መንገድ ላይ ጠበቅናቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት «ቡናው ተለቀመ?» አሉን። የታሰሩበት ነገር ዳግመኛ አልተነሳም።

ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ጸሎት ቤቱ ተከፈተ፤ እኔም በዚያን ቀን ተጠርቼ ነበር። ዜማዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ከነቃላቸው ሰማኋቸው። አቶ ወራሳ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። አባቴም፣ ጋሼ ተስፋዬም የሉም።

ስለዚያ ዘመን ሲወራ ሰው የሚያነሳው ሰው ሰውን መፍራቱን ነው፤ እውነትም ነበር። ለእኔ ግን ያ ዘመን ሲነሳ አስቀድሞ የሚመጣብኝ፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል እጃቸውን ያልሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። ሙያዬን የሰጡኝ እነሱ ናቸው። በኋላ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ብልህ ነሽ፣ ደፋር ነሽ ሲሉኝ የሌላ ሰው ልብስ ለብሼ የተመሰገንኩ ይመስለኝ ነበር።

ማርታ በሕይወት አለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስቴ፣ አውቶቡስ ይዤ እሄዳለሁ። በሄድኩ ቁጥር ላመሰግናት እጀምራለሁ፤ በጀመርኩ ቁጥር ታቋርጠኛለች። ልጆቼን ትጠይቀኛለች፣ ብዪ ትለኛለች፣ ስመለስ አቮካዶና ቆጮ ታሸክመኛለች። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ምስጋና ሳላደርስ በየጊዜው ተሸክሜው እመለሳለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። እሷ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ የልጅ ልጇ ታነብላታለች። መሐል ላይ «ይበቃል፣ ተዪው» እንደምትላት አውቃለሁ። ልጅቷን እስከ መጨረሻው ሳትጨርሺ እንዳታቆሚ ብዬ አደራ ብያታለሁ።